ከ10 ግራም ወደ 3 ግራም፦ ካናዳ ለወታደሮቿ የገባችው ቃል ስንት ይመዝናል?

እስቲ ነገሩን ከቡና ስኒ እንጀምረው። ቡናችሁ ውስጥ የምትጨምሩት አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ይመዝናል። 3 ግራም ማለት እንግዲህ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ነገር ነው። ካናዳ ውስጥ ግን በዚህች ከማንኪያ ባነሰች መጠን ምክንያት ሚኒስትር ተወቅሷል፣ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ሰዎችም «መንግሥት ከዳን» ብለው ጮኸዋል። የሚመዘነው ካናቢስ ነው። በእኛ ሰፈር ቋንቋ ጋንጃ፣ በሕግ ቋንቋ ደግሞ አደንዛዥ ዕፅ የምንለው። ሂሳቡን የሚከፍለው መንግሥት፣ የሚቀበለው የቀድሞ ወታደር ነው።

ይህን ርዕስ ስናነሳ ከመካከላችን አንዱ «ደግሞ ሻሸመኔ ልትወስዱን ነው?» ብሎ አሳቀን። አይደለም። ስለ ዕፁ ደግነትም ሆነ ክፋት ለመስበክ አልተነሳንም። የያዘን ነገር ቁጥሩ ነው። አንድ መንግሥት ለተጎዳ ወታደሩ «በቀን ይህን ያህል ይበቃሃል» ሲለው ቁጥሩን ከየት አምጥቶ ነው? የካናዳን ታሪክ ስናገላብጥ ያገኘነው መልስ ለካናዳውያን ብቻ የሚተው ሆኖ አላገኘነውም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ዶላሩም የካናዳ ዶላር ነው።)

በጭቃ መሃል የተገባ ቃል

ታሪኩ የሚጀምረው ካናቢስ ከናካቴው ካልተነሳበት ቦታ ነው። ጊዜው 1917 ጸደይ፣ ቦታው ሰሜን ፈረንሳይ። የካናዳ ጦር ቪሚ የተባለውን ከፍታ ከጀርመኖች ለመንጠቅ እየተዘጋጀ ነው። የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ሰር ሮበርት ቦርደን ባሕር ተሻግረው ወታደሮቻቸውን አነጋገሩ። የንግግራቸው መንፈስ ይህ ነበር፦ አገር ውለታችሁን አትረሳም፤ ስትመለሱም መንግሥት ቃሉን አጠፈብን የምትሉበት ምክንያት አይኖራችሁም።

በኤፕሪል ወር በአራት ቀን ውጊያ ወደ 3,600 የሚጠጉ ካናዳውያን ቪሚ ላይ ወደቁ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሕዝቧ ገና 8 ሚሊዮን ገደማ የነበረው አገር ከ60 ሺህ በላይ ልጆቿን አጥታ ነበር። በ1919 የጡረታ ሕግ ወጣ። በጦርነት አካሉ የጎደለ ሰው በየወሩ እየተቆረጠ የሚሰጠው፣ ዕድሜ ልኩን የሚጦርበት ገንዘብ ተወሰነለት። የቦርደን ቃል በወረቀት ላይ ሰፈረ ማለት ይቻላል።

ከዚያ አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1923፣ ያው የካናዳ ፓርላማ ካናቢስን ከተከለከሉ ዕፆች ዝርዝር ውስጥ አስገባ። ክርክር አልተደረገበትም ለማለት ይቻላል። አገሪቱ ውስጥ ዕፁን የሚያውቀው ሰው ራሱ ጥቂት ነበር። ሁለቱ ነገሮች፣ የወታደሩ ጡረታና የተከለከለው ዕፅ፣ ከዚያ በኋላ ለ85 ዓመት ሳይተዋወቁ ጎን ለጎን ኖሩ።

ፍርድ ቤት የከፈተው በር

ያስተዋወቃቸው ወታደር አልነበረም። ቴሬንስ ፓርከር የሚባል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በሚጥል በሽታ የሚሰቃይ የቶሮንቶ ሰው ነው። ፓርከር ካናቢስ ሲወስድ ሕመሙ ጋብ ይልለታል፤ ፖሊስ ደግሞ ያስረዋል። ክርክሩ እስከ ኦንታሪዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሐምሌ 31 ቀን 2000 ፍርድ ቤቱ «ለሕክምና የሚፈልገውን ሰው ሳይለይ ሁሉንም የሚከለክል ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል» ብሎ ወሰነ። ለመንግሥትም ሕጉን እንዲያስተካክል አንድ ዓመት ሰጠው።

መንግሥት ዓመቷ ልትሞላ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ሐምሌ 30 ቀን 2001፣ ካናቢስን ለሕክምና የሚፈቅድ ደንብ ሥራ ላይ አዋለ። እዚህ ላይ አንዲት ነገር ልብ በሉልን፤ በኋላ ትጠቅመናለች። ካናዳ ይህን በር የከፈተችው ሐኪሞች «መድኃኒት ነው» ብለው ስላረጋገጡላት አልነበረም፤ ዳኞች ስላስገደዷት ነው። ስለዚህ ካናቢስ እንደ ሌላ መድኃኒት ተመርምሮ፣ መጠኑ ተለክቶ፣ በሣጥኑ ላይ «በቀን ይህን ያህል» ተብሎ ተጽፎበት አልወጣም። በሕግ በር ገባ እንጂ በመድኃኒት ቤት በር አልገባም። የመጠን ጥያቄ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለ መልስ ቀረ።

አቅርቦቱም ቢሆን የሚገርም ነበር። የመንግሥት ካናቢስ የሚበቅለው ማኒቶባ ውስጥ ፍሊን ፍሎን በምትባል ከተማ፣ ከመሬት በታች ባለ ያረጀ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ነው። መንግሥት ለሕመምተኛው የሚሸጥለት በግራም 5 ዶላር ነበር። ያልፈለገ ደግሞ ፈቃድ አውጥቶ ቤቱ ማብቀል ይችላል።

የማይታየው ቁስል

በዚሁ ጊዜ የካናዳ ወታደር ሌላ ዓይነት ቁስል ይዞ ወደ ቤቱ መመለስ ጀምሮ ነበር። በሩዋንዳው የዘር ማጥፋት ጊዜ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር ይመሩ የነበሩት ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር በ2000 በአእምሮ ጉዳት ምክንያት ከሠራዊቱ ተሰናበቱ። ጉዳታቸውንም አልደበቁም፤ በአደባባይ ተናገሩት። ፒቲኤስዲ የሚባለው፣ አሰቃቂ ነገር ካዩ በኋላ ሌሊት በቅዠት፣ ቀን በድንጋጤ የሚመለስ የአእምሮ ሕመም በካናዳ ስም ያገኘው በጄኔራል አፍ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ቀጥሎ አፍጋኒስታን መጣ። ከ2001 እስከ 2014 ከ40 ሺህ በላይ ካናዳውያን ወታደሮች እዚያ አገለገሉ፤ 158ቱ አልተመለሱም። ከተመለሱት መካከል ስንቱ በወገብ ሕመም፣ ስንቱ እንቅልፍ አጥቶ እንደሚኖር ቤተሰቡ ያውቀዋል። ለሕመሙ የሚታዘዝለት ከኦፒየም ዘር የሆነ ማስታገሻ፣ ለጭንቀቱ አንድ ኪኒን፣ ለእንቅልፉ ሌላ ኪኒን ነው። በፓርላማ ኮሚቴዎች ፊት ቀርበው የተናገሩ ዘማቾች ደጋግመው ያነሱት ነገር ይኸው ነው፤ ኪኒኑ ሰውነቴን አደነዘዘው፣ ልጆቼን እንኳ በቅጡ አላይም ነበር፤ ካናቢሱ ግን ቢያንስ አስተኛኝ።

ከጦር ሜዳ የመጡት ሰዎች አገር ቤት የጠበቃቸው ሕግም ተለውጦ ነበር። በ2005 ፓርላማው በሁሉም ፓርቲዎች ስምምነት ያጸደቀውና ከኤፕሪል 2006 ጀምሮ የጸናው አዲሱ የዘማቾች ሕግ የ1919ኙን ዕድሜ ልክ የአካል ጉዳት ጡረታ አስቀርቶ በአንድ ጊዜ ክፍያ ተካው። ከፍተኛው መጠን 250 ሺህ ዶላር ነበር። አንድ ጊዜ ትቀበላለህ፤ ከዚያ በኋላ ዕጣህ ነው። (ሌሎች ድጎማዎች እንደነበሩ አንክድም፤ ዘማቾቹን ያንገበገባቸው ግን ይህ ነው።)

ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰዱት። በ2012 የተከፈተው ክስ ዋና መከራከሪያ የቦርደን የ1917 ቃል ነበር። የመንግሥት ጠበቆች የመለሱት መልስ ብዙ ካናዳዊን አስደንግጧል፦ እንዲህ ያለ አስገዳጅ ቃል ኪዳን የለም። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2017 ከመንግሥት ጎን ቆመ፤ የአንድ ጠቅላይ ሚኒስትር አነቃቂ ንግግር ከእርሳቸው በኋላ የሚመጡትን መንግሥታት ሁሉ በሕግ ሊያስር አይችልም አለ። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ይግባኙን ሳይቀበለው ቀረ። በሕግ ዓይን ቃሉ ንግግር ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ያነሳነው የግራሙ ጠብ የተነሳበት አየር እንዲገባችሁ ነው። ጡረታው ተቆርጦብኛል ብሎ የሚያምን ሰው ፊት ስለ ግራም መደራደር ቀላል አይደለም።

አሥር ግራም

የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ሚኒስቴር የካናቢስ ወጪን ለመጀመሪያ ጊዜ የተካው በ2008 ነው። ያኔ እንደ ልዩ ሁኔታ፣ በርኅራኄ የተደረገ ነገር ነበር። ተጠቃሚዎቹ ጥቂት ስለነበሩ ማንም ልብ አላለው።

በ2014 ግን የአቅርቦቱ ሥርዓት ከሥሩ ተለወጠ። የማዕድን ጉድጓዱ ዘመን አበቃና ፈቃድ የተሰጣቸው የግል ኩባንያዎች አምርተው በፖስታ መላክ ጀመሩ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሐኪሙ «በቀን ይህን ያህል ግራም» ብሎ ይጽፋል፤ ኩባንያው ይልካል፤ ሂሳቡ በመድን ድርጅት በኩል ለሚኒስቴሩ ይቀርባል። ወታደሩ ብዙውን ጊዜ ደረሰኙን እንኳ አያየውም። ዋጋ የሚያወዳድር ሰው ከመሃል ጠፋ ማለት ነው። ኩባንያው የፈለገውን ዋጋ ይጠራል፣ መንግሥት ይከፍላል። በዚያው ዓመት ሚኒስቴሩ ጣሪያ አበጀ፤ በቀን 10 ግራም። ለዋጋው ግን ጣሪያ አላበጀም።

10 ግራም ምን ያህል ነው? በግማሽ ግራም ቢጠቀለል በቀን 20 ጥቅል ይወጣዋል። በዓመት ከሦስት ኪሎ ተኩል ያልፋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቁጥሮቹ ራሳቸው ይንገሯችሁ። በ2013-14 የበጀት ዓመት ተጠቃሚዎቹ 112፣ ወጪው 409 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። በማግስቱ ዓመት 628 ሰውና 5.2 ሚሊዮን ዶላር። በ2015-16 ደግሞ 1,762 ሰውና 20.5 ሚሊዮን ዶላር። በ2016-17 4,474 ሰውና 63.7 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ሰው በዛና ወጪው ጨመረ ብላችሁ እንዳታልፉት። ካልኩሌተር አውጥተን ለየራሱ አካፈልነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሰው በአማካይ የወሰደው 3,650 ዶላር ነው፤ በመጨረሻው 14,200 ዶላር ደርሷል። በሦስት ዓመት ውስጥ የአንድ ሰው ወጪ አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

የአንድ ሰው ሕመም በሦስት ዓመት አራት እጥፍ አይሆንም። ጣሪያው ከፍ ሲልና ዋጋው ልቅ ሲሆን ገበያው ጣሪያውን ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል። ወታደሩን ለማገልገል የተከፈቱ ክሊኒኮች በየከተማው ብቅ አሉ፤ አንዳንዶቹን የመሠረቱት ዘማቾች ራሳቸው ናቸው። እነዚህ ክሊኒኮች ብዙ ሰው ከገዛ አልጋው ጎትተው እንዳወጡ የሚመሰክሩ አሉ። ኩባንያዎቹም በወታደሩ ስም ገበያ እንዳገኙ መካድ አይቻልም። ሁለቱም እውነት ነው።

ኦዲተሩ መጡ

በሜይ 2016 የካናዳ ዋና ኦዲተር ማይክል ፈርጉሰን የዘማቾችን የመድኃኒት ድጎማ የመረመረ ሪፖርት ለፓርላማ አቀረቡ። ስለ 10 ግራሙ ያሉት ነገር አስደንጋጭ ነበር። ሚኒስቴሩ ይህን ቁጥር የመረጠበትን ማስረጃ ማሳየት አልቻለም። ይባስ ብሎ ራሱ ያማከራቸው የጤና ባለሙያዎች ተገቢ ነው ካሉት መጠን እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የካናዳ ጤና ሚኒስቴር «ለሕክምና የሚጠቀሙ ሰዎች በብዛት የሚወስዱት ይህን ነው» ካለው ጋር ሲተያይ ደግሞ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ባለሙያ ጠርተህ ትጠይቃለህ፤ ባለሙያው አምስት ይልሃል፤ አንተ አሥር ትጽፋለህ። ለምን? ሪፖርቱ ለዚህ መልስ አላገኘም። እኛም ካነበብነው ሁሉ እዚህች ቦታ ላይ ቆመን ቀረን። ለጋስነት መስሎ የሚታይ ቸልተኝነት አለ። ሰው ያለ ምክንያት ሲሰጥህ ያስደስታል፤ ያለ ምክንያት የተሰጠ ነገር ግን ያለ ምክንያት ሊወሰድም ይችላል።

ከማንኪያ በታች

ኖቬምበር 22 ቀን 2016 የዘማቾች ጉዳይ ሚኒስትር ኬንት ሄር ቫንኩቨር በተደረገ የወታደር ጤና ጉባኤ ላይ አዲሱን ፖሊሲ አስታወቁ። ከአሁን በኋላ መንግሥት የሚከፍለው በቀን 3 ግራም ነው፤ በግራምም ከ8 ዶላር ከ50 ሳንቲም አይበልጥም። የዋጋው ጣሪያ ወዲያው ሥራ ላይ ዋለ። የግራሙ ቅነሳ ግን ሰዎች እንዲዘጋጁ ተብሎ እስከ ሜይ 21 ቀን 2017 ቆየ። ከ3 ግራም በላይ የሚያስፈልገው ሰው ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ ለዚህም የስፔሻሊስት ሐኪም ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ለአእምሮ ሕመም የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ ለካንሰር የካንሰር ሐኪም፣ ለሕመም የሕመም ሕክምና ባለሙያ። ሐኪሙም ለምን እንደሚያስፈልግና ሌላ ሕክምና ተሞክሮ እንዳልሠራ መጻፍ አለበት።

በወረቀት ላይ ሚዛናዊ ነው። ኖቫ ስኮሺያ ገጠር ውስጥ ለሚኖር፣ የሥነ አእምሮ ሐኪም ለማግኘት ወራት ለሚጠብቅ ሰው ግን «ደብዳቤ አምጣ» ማለት «ተወው» ከማለት አይራራቅም። በቀን 8 ወይም 9 ግራም እየወሰደ ኑሮውን ያደላደለ ዘማች ስድስት ወር ውስጥ ወደ 3 ውረድ ተባለ። ያንን 9 ግራም የፈቀደለት ማን ነበር? ያው መንግሥት። ስህተቱን የሠራው ቢሮው ነው፣ ቅጣቱን የተቀበለው ግን በሽተኛው። ዘማቾቹ ያዘኑት በዚህ ነው፤ ለእኛም የማይመለስ ቅሬታ ሆኖ ይታየናል።

የቁጥሩ ውጤት ግን ፈጣን ነበር። በ2017-18 ተጠቃሚዎቹ ወደ 7,298 ሲያድጉ ወጪው ወደ 50.9 ሚሊዮን ዶላር ወረደ። በነፍስ ወከፍ ሲታሰብ ከ14,200 ወደ 7,000 ገደማ። በግማሽ ተቆረጠ ማለት ነው።

ሳይንሱስ ምን ይላል?

ይህን ጥያቄ ሳንመልስ ብናልፍ አንባቢ ይታዘበናል። በአጭሩ፣ ሳይንሱ ገና መንገድ ላይ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች በ2017 ያወጡት ትልቅ ግምገማ ካናቢስ ለአዋቂዎች ሥር የሰደደ ሕመም እንደሚረዳ ጠንካራ ማስረጃ አለ ሲል፣ ለፒቲኤስዲ ግን ማስረጃው ውስን ነው ብሏል። በ2015 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት ከካናቢስ ጋር የሚመሳሰል ሰው ሠራሽ መድኃኒት የወታደሮችን ቅዠት እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ተሳታፊዎቹ ግን 10 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በ2021 የታተመውና ፒቲኤስዲ ባለባቸው አሜሪካውያን ዘማቾች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ካናቢስ ያጨሱት ሰዎች መሻሻላቸውን አየ፤ ነገር ግን መድኃኒት የሌለበትን አስመሳይ ጥቅል ያጨሱትም እኩል ተሻሻሉ።

የአሜሪካው የዘማቾች ሚኒስቴር ከዚህ ተነስቶ ነገሩን አጥብቆ ይዞታል። ለካናቢስ አይከፍልም፤ ሐኪሞቹም አያዙትም። በ2023 ያወጣው የሕክምና መመሪያ ለፒቲኤስዲ ካናቢስን አትጠቀሙ ይላል። ድንበር ለድንበር የሚዋሰኑ፣ አፍጋኒስታን አብረው የዘመቱ ሁለት አገሮች አንዱ ይከፍላል፣ አንዱ አይከፍልም። የወታደሮቹ ሕመም አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱን ያመጣው አንዱ በር በዳኛ መከፈቱ፣ ሌላው ተዘግቶ መቅረቱ ነው።

«ታዲያ ማስረጃ ከሌለ ለምን ይከፈላል?» ትሉ ይሆናል። ከመካከላችንም እንዲህ ያለ አለ። ሌላዋ መለሰችለት፦ «ማስረጃው እስኪመጣ ድረስ ያልተኛውን ሰው ምን እንበለው?» ክርክሩ በዚህ አላለቀም፤ ቡናው ግን አልቆ ሂሳብ ከፈልን።

ከ8.50 ወደ 6

ኦክቶበር 17 ቀን 2018 ካናዳ ካናቢስን ለአዋቂ ሁሉ ፈቀደች። ቶሮንቶ ያሉ ዘመዶቻችን እንደሚነግሩን አሁን መሸጫው እንደ ቡና ቤት በየመንገዱ ነው። ሱቅ ሲበዛ ዋጋ ወረደ። የዘማቾቹ የ8.50 ጣሪያ ግን በነበረበት ተቀመጠ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። ለመንገደኛው የረከሰው ዕቃ መንግሥት ሲከፍልበት አልረከሰም። ተጠቃሚዎቹ በየዓመቱ እየጨመሩ ሄደው ከ20 ሺህ አለፉ፤ ከ2021-22 ወዲህ ዓመታዊ ወጪው ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

ኖቬምበር 4 ቀን 2025 የቀረበው የፌዴራል በጀት ይህን ጣሪያ ከ8.50 ወደ 6 ዶላር እንደሚያወርደው አስታወቀ። ምክንያቱ «ከገበያው ዋጋ ጋር ለማስተካከል» ነው። በቀን 3 ግራም ለሚወስድ ሰው በ8.50 ሲሰላ የዓመቱ ጣሪያ 9,307 ዶላር ነበር። በ6 ሲሰላ 6,570 ይሆናል።

ይኼኛው ቅነሳ ከ2016ቱ ይለያል። ያኔ የተነካው መጠኑም ዋጋውም ነበር፤ አሁን ዋጋው ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያኛው ይልቅ ግልጽ ነው። ገበያው ከረከሰ መንግሥት ውድ የሚከፍልበት ምክንያት የለም። ግን አንድ ነገር እናስታውስ። ከ2018 ጀምሮ ለሕክምና የሚሸጠውም ካናቢስ የኤክሳይዝ ታክስ ይጣልበታል፤ ከተለመደው የደረቀ አበባ በግራም ቢያንስ 1 ዶላር። መንግሥት በአንድ እጁ 6 ዶላር ይሰጣል፣ በሌላው እጁ አንዱን ይመልሳል። መድኃኒት ነው ብሎ እየከፈለ፣ ቅንጦት ነው ብሎ ይቀርጠዋል። ከ1923 ጀምሮ ያልተፈታው «ይህ ነገር ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ደረሰኝ ላይ ሁለት መልስ ይዞ ተቀምጧል።

ለእኛ ምናችን ነው?

ምናችን መሰላችሁ። ካናዳ ዛሬ «ዘማች» ብላ ከምትጠራቸው መካከል 450 የሚያህሉት በ2000 መጨረሻና በ2001 አጋማሽ መካከል በእኛና በኤርትራ ድንበር ሰላም ለማስከበር የቆሙ ናቸው። ከዚያ በፊትም ኮሪያ ውስጥ ከእኛ ቃኘው ሻለቃ ጋር በአንድ ባንዲራ ሥር ተዋግተዋል። ካናዳ 516 ሰው አጣች። እኛ ደግሞ 121 ሰው ሰዋን፤ የተማረከ ግን አንድም አልነበረንም። ከጦርነቱ በኋላ የሁለቱ ዕጣ ተለያየ። የካናዳዊው ጡረታ በሕግ ተጻፈለት። የቃኘው ዘማች ግን በ1974 መንግሥት ሲለወጥ ኮሪያ መዝመቱ ራሱ የሚያኮራ መሆኑ ቀረና ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተወዳጀ መንግሥት ሥር ሜዳሊያውን በሣጥን ቆልፎ ለመኖር ተገደደ። የእርሱን ጉዳት በግራም የመዘነለትም፣ የተሳሳተ ቁጥር የጻፈለትም፣ ኦዲተር ልኮ ያስመረመረለትም አልነበረም።

ስለዚህ የካናዳን ጠብ ስናነብ ሁለት ስሜት ይፈራረቅብናል። አንዱ ቅናት ነው። መንግሥት ለወታደሩ ስንት ግራም እንደሚገባው የሚጨቃጨቅበት፣ ኦዲተሩ «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» ብሎ ሚኒስትሩን በአደባባይ የሚጠይቅበት አገር መኖሩ ራሱ ያስቀናል። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ያን ያህል ሥርዓት ያለው አገር እንኳ 10 ሲሰጥ ለምን 10 እንደሆነ አላወቀም። ሲቀንስም የስህተቱን ዋጋ በሽተኛው እንዲከፍል ተወው።

እኛ ከዚህ የያዝነው አንድ ነገር ነው። ለተጎዳ ሰው የሚሰጥ ቁጥር፣ ጡረታም ይሁን ግራም ይሁን ብር፣ ከጎኑ «ምክንያቱ ይህ ነው» የሚል አንድ መስመር ካልተጻፈበት ቸርነት እንጂ መብት አይሆንም። ቸርነት ደግሞ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጥ ነገር ነው። የካናዳ ፍርድ ቤት የቦርደን ቃል አስገዳጅ አይደለም ሲል በሕግ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ቪሚ ላይ ያንን ንግግር ሰምቶ ወደ ጥይቱ የወጣ ልጅ ከጎኑ ጠበቃ አቁሞ አልሰማም። ያመነው ቃሉን ብቻ ነው።

ሰፈራችሁ ውስጥ ሜዳሊያውን በሣጥን የቆለፈ አንድ አባት ካለ፣ ይህን ጽሑፍ ስትጨርሱ ሄዳችሁ ሰላም በሉልን። እንቅልፍ ይወስዳቸው እንደሆነም ጠይቋቸው።

ቸር እንሰንብት።